ዓይን ያየውን እጅ ሲመሰክርለት፦ የቅይጥ እውነታ መዝናኛ ክፍሎች እንዴት ይሠራሉ?

ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሻማው ያለበትን መሳቢያ ለማግኘት ዓይን ብዙም አያስፈልገንም። ከአልጋ ወርደን እጃችንን ወደ ግድግዳው እንዘረጋለን፤ ቁም ሣጥኑን በክርናችን ነካ እናደርጋለን፤ የበሩን መቃን ይዘን ወደ ግራ እንታጠፋለን። ቤታችንን እግራችንና እጃችን ያውቁታል። ቀን ላይ አንድ ሰው ጠረጴዛውን አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አድርጎት ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚያውቀው ጉልበታችን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ እንኳ በልበ ሙሉነት አንራመድም።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እናስበው። ያለንበት ክፍል አይታየንም፤ ዓይናችንን በሸፈነ የኮምፒውተር መነጽር ውስጥ የሚታየን ሌላ ቦታ ነው፦ ዋሻ፣ የመርከብ ሆድ፣ የእሳተ ገሞራ አፋፍ። እጃችንን ስንዘረጋ ግን የዋሻው ግድግዳ በታየን ቦታ ላይ በእርግጥም ግድግዳ አለ። ስንነካው ይሻክራል፤ ስንደገፈው ይችለናል። ሰዎች ትኬት ቆርጠው የሚገቡበት የቅይጥ እውነታ መዝናኛ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ መነጽሩ ነው። ስንት ፒክስል አለው፣ ምን ያህል ይከብዳል፣ ዋጋው ስንት ነው። እኔ እዚህ ላይ ማስረዳት የምፈልገው ስለ ክፍሉ ነው፤ ስለ ኮምፖርሳቶው፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ በሩ እጀታ። ነገሩ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚያ ላይ ነው ብዬ ስለማምን።

ይህን እምነት የሰጠችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። አሥር ዓመቷ ነው። አብረን ከገባንባቸው ቦታዎች በአንዱ፣ በቀለጠ እሳት ላይ የተዘረጋ ጠባብ ድልድይ መሻገር ነበረብን። ልጅቷ ፈርታለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። በመነጽሩ የሚታያትን የድልድይ መደገፊያ ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ እጇ አየር ጨበጠ። እውነተኛው መደገፊያ ከሚታየው በአራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር የተሠራው። መነጽሩን ብድግ አድርጋ አየችና «አክስቴ፣ እንጨት ብቻ እኮ ነው!» አለችኝ። መልሳ አጠለቀችው፤ ፍርሃቷ ግን አልተመለሰም። ያን ሁሉ የሥዕል ሥራ፣ ያን ሁሉ ኮምፒውተር፣ አራት ጣት አፈረሰው።

ስያሜውን በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ መስመር አሰቡ፤ በአንዱ ጫፍ እንዳለ ያለው ዓለም፣ በሌላው ጫፍ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ቅይጥ እውነታ አሉት። በመዝናኛው ሥራ ዛሬ ቃሉ ሁለት ዓይነት ቦታዎችን ያቅፋል። አንደኛው ዓይንን ጨርሶ ጋርዶ እጅንና እግርን ለእውነተኛ ግድግዳና ወለል የሚተው ነው። ሁለተኛው እውነተኛውን ክፍል እያሳየ በላዩ ላይ ሥዕል የሚጨምር ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ክፍል ይጠይቃሉ፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ እጅና እግር ለምን ይህን ያህል ሥልጣን እንዳላቸው እንይ። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል ውስጥ ተመራማሪዎች ለዓመታት የሠሩበት አንድ «ጉድጓድ» አለ። በመነጽር ብቻ የሚታይ ጉድጓድ ነው፤ የምትቆመው በአፋፉ ላይ ነው፣ ከታች ሌላ ክፍል ወለል ይታይሃል። ብሬንት ኢንስኮ የተባለ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች አንድ ነገር ጨመረላቸው፦ አፋፉ በሚታይበት ቦታ ላይ ወለሉ ላይ የተቀመጠ፣ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንጨት። ሰውየው የጫማው ጫፍ ከእንጨቱ ጠርዝ አልፎ ባዶ ሲሆን ይሰማዋል። ወለሉ 4 ሴንቲ ብቻ ነው የሚወርደው፤ ዓይን የሚያየው ግን ገደል ነው። እንጨቱ የተጨመረላቸው ሰዎች የልብ ምት ካልተጨመረላቸው ሰዎች ይበልጥ ጨመረ።

የ4 ሴንቲ እንጨት ገደል ሊሆን የቻለበት ምክንያት ቀላል ነው። እግር ስለ ጥልቀት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጠርዝ መኖሩን ብቻ ነው። ጥልቀቱን የሚሞላው ዓይን ነው። ዓይን ይተርካል፣ እግር ይመሰክራል፤ ሁለቱ ከተስማሙ አእምሮ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ካልዳሰስሁ አላምንም ያለውን ቶማስን ሁላችንም እናውቀዋለን። አካላችን በዚህ ረገድ ሁልጊዜ ቶማስ ነው።

ላሊበላን የተሳለመ ሰው ደግሞ ይህን ያለ ምንም መነጽር ያውቀዋል። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነው። አስጎብኚው መብራት አታብሩ ይላል፤ አንድ እጅህን ግድግዳው ላይ አድርገህ፣ ሌላውን ከራስህ በላይ ይዘህ ትሄዳለህ። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ያ መንገድ ለጸሎትና ለትምህርት እንጂ ለመዝናኛ አልተፈለፈለም፤ ከዛሬው ሥራ ጋር በዓላማ አላመሳስለውም። ነገር ግን መዳፍ በሚነካው አለትና በተነገረ ቃል ብቻ ሰውን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ እንደሚቻል ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ይህን እውቀት ወደ ገበያ ካወጡት መካከል ዘ ቮይድ የተባለው የአሜሪካ ዩታ ድርጅት አንዱ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ኩርቲስ ሂክማን የምትሃት ትርኢት ባለሙያ ነው፤ ይህ ድንገተኛ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ በሚገኘው የማዳም ቱሶ ሙዚየም ውስጥ በጎስትባስተርስ ፊልም ላይ የተመሠረተ ክፍል ከፈቱ፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ በፍሎሪዳ በዲዝኒ ስፕሪንግስ በስታር ዋርስ ፊልሞች ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ሌላ። እስከ አራት ሰው ሆነው ይገባሉ፤ ኮምፒውተሩን በጀርባቸው ይሸከማሉ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰደርያ ይለብሳሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚገቡበት ክፍል ምንም ያልተጌጠ የእንጨት ግድግዳ ነው። ለገቡት ግን የቀለጠ እሳት ወንዝ አጠገብ ሲደርሱ ሙቅ አየር ፊታቸውን ይመታል፤ ከፍ የሚል በሚመስል መድረክ ላይ ሲቆሙ ወለሉ ይርገበገባል። ወለሉ ወደ ላይ ንቅንቅ አላለም። እግር መንቀጥቀጥን ከተሰማው፣ ዓይን ግድግዳው ወደ ታች ሲወርድ ካየ፣ አሳንሰር ተሠራ ማለት ነው።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ቦታዎቹን ዘጋ። መነጽርና ሰደርያ ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወርበት ሥራ በዚያ ዓመት ከማንም በፊት ቢመታ አያስገርምም። ትቶት የሄደው ትምህርት ግን ዛሬም ይሠራበታል፤ በተለይ ግድግዳው አንድ ሆኖ ታሪኩ ሊለወጥ ይችላል የሚለው። ዛሬ የመርከብ ኮሪደር የሆነው እንጨት በሚቀጥለው ዓመት የቤተ መንግሥት ኮሪደር ይሆናል። የሚለወጠው ፋይሉ ነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሰው በታሪኩ ውስጥ ረጅም መንገድ መሄድ ይፈልጋል፤ የተከራየነው ክፍል ግን ትንሽ ነው። እንዴት ይሆናል?

አንዱ መልስ እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያው ቻፕል ሂል ውስጥ ሻሪፍ ራዛክና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው። ሰው ዓይኑ ተጋርዶ ሲራመድ በመነጽሩ ውስጥ ያለውን ዓለም በጣም በዝግታ ታዞረዋለህ። ሰውየው ሳያውቀው እርምጃውን ለማቃናት ይታጠፋል፤ ቀጥ ብዬ ሄድሁ እያለ በክብ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ ልኩን አስቀምጧል። ሰው ባለበት ቆሞ ሲዞር፣ ከሚታየው እስከ 49 በመቶ የበለጠ ወይም እስከ 20 በመቶ ያነሰ ቢዞር አያስተውልም። ማለትም በዓይኑ 90 ዲግሪ የዞረ ሰው በአካሉ እስከ 134 ዲግሪ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ እየመሰለው በክብ ለመራመድ ግን የክቡ ግማሽ ስፋት ቢያንስ 22 ሜትር መሆን አለበት። ይህ ማለት 44 ሜትር በ44 ሜትር የሆነ አዳራሽ ነው፤ ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በየትኛውም ከተማ በገበያ ማዕከል ውስጥ ይህን ለአራት ሰው መከራየት የማይታሰብ ነው።

ግድግዳ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳዩት ኮሪደር እውነተኛው ግድግዳ ክብ፣ በመነጽር የሚታየው ግን ቀጥ ያለ ነበር። ሰውየው መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ይሄዳል። እጁ ግድግዳውን ሳይለቅ እስከሄደ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ይመስለዋል፤ ክቡም ከ22 ሜትር እጅግ ያነሰ ሆኖ ያገለግላል። እጅ ለሐሰቱ ሲመሰክር እግር ይከተላል።

ሌላም ዘዴ አለ፤ እኔ ይበልጥ የምወደው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢቫን ሱማና ባልደረቦቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ነው። ሰውየው በመነጽር ውስጥ ወዳለ አንድ ክፍል ገብቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አንድ ነገር ሲመለከት፣ በሩ ከኋላው ወደ ሌላ ግድግዳ ይዛወራል። ከ77 ተሳታፊዎች በእርግጠኝነት ያስተዋለው አንድ ብቻ ነበር። በገባሁበት በር አልወጣሁም የሚል ሰው ከ77 አንድ!

እነዚህን ይዘን አንድ ትንሽ ንድፍ እንሥራ። ክፍላችን 9 ሜትር በ9 ሜትር ነው። ዙሪያውን 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ኮሪደር እናደርጋለን፤ መካከሉ ለሠራተኞችና ለማሽኖች ይተዋል። በኮሪደሩ መካከል ለመካከል የሚሄድ ሰው አንዱን ዙር ሲጨርስ 30 ሜትር ተጉዟል። ሁለት ጊዜ ብናዞረው 60 ሜትር ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር ኮሪደሩ የመርከብ ሆድ ነው፤ መደገፊያው የብረት ቧንቧ ሆኖ ይታያል። በሁለተኛው ዙር ያው ኮሪደር ዋሻ ነው፤ ያው መደገፊያ የዛፍ ሥር ሆኗል። እንግዳው የነካውን መልሶ እየነካ መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ መደገፊያው ለቧንቧም ለሥርም የሚመች ውፍረትና ሸካራነት እንዲኖረው አናጢውና ሠዓሊው አብረው ቁጭ ብለው መወሰን አለባቸው። ለስላሳ ብረት ቢሆን ሥሩ ይዋሻል፤ ቅርፊት ቢለብስ ቧንቧው ይዋሻል። ሻካራ ገመድ የተጠመጠመበት ቧንቧ ሁለቱንም ይሆናል።

ልኬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኅቴን ልጅ ድልድይ ያበላሸው እሱ ነውና። ንድፉ በኮምፒውተር ሲሠራ ግድግዳው ፍጹም ቀጥ ያለ ነው። በመሬት ላይ ግን ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ቱምቢና ውሃ ልክ ተይዞም ቢሆን እንጨት ይጣመማል፣ ወለሉ አንድ ጣት ያዘቀዝቃል፣ ግድግዳው ከታሰበው ሁለት ሴንቲ ይገፋል። ብልህ የሆኑ ሠሪዎች እንጨቱን ወደ ንድፉ ለማምጣት አይታገሉም። ክፍሉ ካለቀ በኋላ በሌዘር ይለኩትና የኮምፒውተሩን ሥዕል ወደ እንጨቱ ያመጡታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ንድፍ፣ አናጢ፣ ልኬት፣ ከዚያ ሥዕል። አናጢው ከለካ በኋላ መደገፊያ አነሳለሁ ወይም አወርዳለሁ ካለ ልኬቱ ይደገማል። ይህ አንድ ቀን ሥራ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለለውም መክፈቻው ሲቃረብ ነው።

ልኬቱ ልክ ሆኖም የእጅ ጉዳይ አለ። ሰው በመነጽሩ የሚያየው የራሱ እጅ ከእውነተኛው ቦታ በጥቂቱ ሊርቅ ይችላል። ለዚህ ነው በእንዲህ ያሉ ክፍሎች ውስጥ ትናንሽ ቁልፎችና የሚሽከረከሩ የበር እጀታዎች የማይመከሩት። ትልቅ ማንሻ፣ መዳፍ የሚያህል ቁልፍ፣ ወደ ታች የሚጫኑት ረጅም እጀታ፦ እጅ ትንሽ ቢስትም ያገኛቸዋል። የሚከፈት በር ካለ ደግሞ ማጠፊያው ላይ መለኪያ ይገባል፤ በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ካላወቀ እንግዳው የተዘጋ በር እያየ ክፍት በር ግንባሩን ይመታዋል።

ክፍሉ ሰውየው የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድም ግንባታውን ይወስነዋል። ካሜራዎቹ ኮርኒሱ ላይ ተሰቅለው በሰዎቹ ላይ ያሉ ምልክቶችን ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚከታተሉ ከሆነ፣ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ቀለምና የፀሐይ ብርሃን ጠላት ናቸው፤ ከፍ ያለ ግድግዳም ካሜራውን ይጋርዳል። ካሜራዎቹ መነጽሩ ላይ ካሉ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መነጽሩ ግድግዳውን እያየ ነው ቦታውን የሚያውቀው፤ ወጥ የሆነ ነጭ ወይም ጥቁር ግድግዳ ፊት ሲቆም በጉም ውስጥ እንደገባ ሰው ይጠፋበታል። ስለዚህ እንግዳው የማያየውን ግድግዳ ለመነጽሩ ሲባል ዥንጉርጉር ምልክት ይቀቡታል፤ በቂ ብርሃንም ያስፈልጋል። ሁለቱን ሳይወስኑ ግድግዳ ማቆም ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ሰውየው ራሱን ባዞረበትና ሥዕሉ በተከተለበት ጊዜ መካከል ያለው መዘግየትም ከ20 ሚሊ ሴኮንድ እንዳያልፍ ይፈለጋል፤ ሲያልፍ ሆድ መገለባበጥ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ልመለስ፤ ዓይንን ሳይጋርዱ ሥዕል የሚጨምሩት። ማታ መብራት በበራበት ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው የራሱ ፊት ከውጭ ባለው ጨለማ ላይ ተንሳፍፎ ያያል። መኪናው ብርሃናማ ሱቅ ፊት ሲያልፍ ፊቱ ይጠፋል፤ ጨለማ ሲመጣ ይመለሳል። ዘዴው ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ ጆን ሄንሪ ፔፐር በመድረክ ላይ «መንፈስ» ያሳየው ዘንበል ባለ ትልቅ መስታወት ነበር፤ ሄንሪ ዲርክስ ባመነጨው ሐሳብ። በ1969 በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ የተከፈተው ሆንትድ ማንሽን የተባለ የመናፍስት ቤት ውስጥ የሚጨፍሩት መናፍስትም በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ዛሬ አሳላፊ መስታወት ባላቸው መነጽሮች ውስጥ ያለውም ይኸው ሕግ ነው።

ሕጉ ለክፍል ሠሪው ትእዛዝ አለው። እንዲህ ያለ መነጽር ብርሃን መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም። ጥቁር መሳል አይችልም፤ ለእሱ ጥቁር ማለት ምንም አለመሳል ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የሚቆምበት ቦታ ጀርባው ጨለም ያለ መሆን አለበት፤ እውነተኛዎቹ ጌጦች ደግሞ በራሳቸው ብርሃን ተለይተው ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በኦሳካ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ጃፓን የተከፈተው፣ በማሪዮ ካርት የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የተመሠረተ መዝናኛ በዚህ ይሠራል። አራት ሰው በሚይዝ ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጠህ መነጽሩ በራስህ ላይ ካጠለቅኸው ቆብ ጋር ይጣበቃል። ጨለም ባሉ ክፍሎች ውስጥ እውነተኛ ሐውልቶችና ጌጦች አጠገብህ ያልፋሉ፤ ተፎካካሪዎችህና የምትወረውራቸው ነገሮች በመነጽሩ ይጨመራሉ። መነጽሩ ቢበላሽ እንኳ የሚታይ ነገር አለ። ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ አየዋለሁ፤ ሁሉን ነገር በመነጽሩ ላይ የጣለ ክፍል መነጽሩ ሲጠፋ የኮምፖርሳቶ ሳጥን ይሆናል።

ከጥበቡ ወደ ሂሳቡ። ባለ ሁለት ዙሩ ክፍላችን 12 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። አንድ ጊዜ አራት ሰው ብቻ ቢገባ በሰዓት 20 ሰው ነው። የቤት ኪራዩን፣ የሠራተኛውን ደመወዝና የፊልም ፈቃዱን 20 ሰው አይሸከምም። ስለዚህ ኮሪደሩን በበሮች በሦስት እንከፍለዋለን፤ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ክፍል 2 ደቂቃ ይቆያል፤ አዲስ ቡድን በየ4 ደቂቃው ይገባል። በሰዓት 60 ሰው ሆነ! በወረቀት ላይ ቡድኖቹ አይገናኙም፤ የመጀመሪያው ቡድን ሁለተኛ ዙሩን ሲጀምር ተከታዩ ከፊቱ ያለውን ክፍል ለቆ ወደሚቀጥለው ይገባል። ነገር ግን ሦስቱም ክፍሎች ሁልጊዜ ሙሉ ናቸው፤ ሦስቱም በሮች በአንድ ቅጽበት መከፈት አለባቸው። አንድ ልጅ ጫማው ተፈታ ብሎ ቢጎነበስ አሥራ ሁለት ሰው ይቆማል።

መፍትሔው የሚገኘው በታሪኩ ውስጥ ነው። በሩ የሚከፈተው እንቆቅልሹ ሲፈታ ነው ይባላል፤ በእውነቱ የሚከፈተው ሦስቱም ቡድኖች ለመሻገር ሲዘጋጁ ነው። ቡድኑ ቀድሞ ከፈታው አንድ ተጨማሪ ጠላት ይመጣል፤ ከዘገየ ፍንጭ ይሰጠዋል። ጥሩ ደራሲ ይህን ላስቲክ ጊዜ ማንም ሳያውቅ ይሰፋዋል። አቅም ያለው ደግሞ አራተኛ ክፍል ጨምሮ ባዶውን መተንፈሻ ያደርገዋል።

መግቢያውም ከዚህ ጋር ይሰላል። ዕቃውን ለመልበስ 6 ደቂቃ፣ ውስጥ 12፣ ለማውለቅና ለማጽዳት 6፣ በድምሩ 24 ደቂቃ። በየ4 ደቂቃው ቡድን ከገባ ስድስት ቡድን ዕቃ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ 24 መነጽር፣ መጠባበቂያው ሳይቆጠር። የሚሰቀሉበት፣ ባትሪያቸው የሚሞላበት፣ የሚጸዱበት፣ ላባቸው የሚደርቅበት ክፍል ያስፈልጋል። ብዙ ንድፎች ይህን ክፍል ይረሱትና በኋላ ከኮሪደሩ ይቆርሱለታል።

ስለ ደኅንነት የምናገረው በአንድ እውነተኛ ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1984 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር ፓርክ ውስጥ ሆንትድ ካስል የተባለው የማስፈራሪያ ቤት ተቃጠለ። ስምንት ወጣቶች ሞቱ። ቤቱ የተሠራው በተገጣጠሙ ተጎታች ሳጥኖች ነበር፤ የጭስ ጠቋሚም ሆነ ውሃ የሚረጭ ማጥፊያ አልነበረውም። ሰውን ለማደናገር የተሠራ ጨለማ ኮሪደር፣ እሳት ሲነሳ ያው ማደናገሩን አይተውም። ዛሬ የአሜሪካ የሕንፃ ሕግ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ለብቻ ይመለከታቸዋል፤ ጭስ ሲታወቅ መብራት እንዲበራ፣ የሚያደናግር ድምፅና ምስል እንዲቆም ያዛል።

በቅይጥ እውነታ ክፍል ይህ ግዴታ ይብሳል፤ እንግዳው ጨለማ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቤት ውስጥ ነው ያለው። መውጫው በሚታየው ዓለም ውስጥ ገደል ሊሆን ይችላል! ስለዚህ የእሳት ማስጠንቀቂያው ከመነጽሩ ጋር በቀጥታ መያያዝ አለበት፤ ሲጮህ ሥዕሉ ጠፍቶ እውነተኛው ክፍል ይታያል ወይም ወደ መውጫው የሚወስድ መንገድ ይሳላል። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ የዞረ ሰው መውጫው በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ጨርሶ አያውቅም፤ አዙረነዋልና። ከየክፍሉ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ያስፈልጋል። የግድግዳ ማዕዘኖች ይድቦለቦላሉ፤ ሠራተኛው ሁሉንም ሰው በካሜራ ያያል።

ከዚያ የሰው አካል ልዩነት አለ። ከዚህኛው መነጽር ሥር የዓይን መነጽር ያደረገ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ልጅ። የኮሪደራችን 1.5 ሜትር ስፋት ወንበሩን ያሳልፋል፤ መዞሪያው ግን በንድፉ ላይ ካልታሰበ ማዕዘኑ ላይ ይቆማል። የጸጉር ነገርም አለ፤ ይህን የምለው በሹሩባና በጎፈሬ ቤት ስላደግሁ ነው። የመነጽሩ ማሰሪያ ለስላሳና ዝቅ ላለ ጸጉር ታስቦ ሲሠራ በጎፈሬ ላይ ይንሸራተታል፣ በወፍራም ሹሩባ ላይ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ መነጽር ደግሞ ዓለሙን ሁሉ አዘንብሎ ያሳያል፣ ሆድ ያገላብጣል። ከኋላ ተከፍሎ የሚታሰር ማሰሪያና መልበሻው ክፍል ውስጥ የሚበቃ መስታወት ማቅረብ ትንሽ ወጪ ነው።

እንዲህ ያለ ክፍል ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ የመጀመሪያው ዕቃ መነጽር አይደለም። ባዶ አዳራሽ፣ ወለል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርና የካርቶን ክምር ነው። ኮሪደሩን በፕላስተር አስምረህ ካርቶኑን ግድግዳ ታደርጋለህ፤ መደገፊያው በሚገኝበት ቦታ ገመድ ትወጥራለህ። ከዚያ የተለያየ ቁመት ያላቸው ሰዎች ዓይናቸውን በሻሽ ተሸፍነው ይሂዱበት፤ አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ምን እንደሚታያቸው ይተርክላቸው። እጃቸው የሚዘረጋበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርግ። የአሥር ዓመት ልጅ ምልክት ከአዋቂው በታች ይወርዳል፤ መደገፊያውን በሁለቱ መካከል አታድርገው፤ ሁለት መደገፊያ አድርግ፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች።